የአብዱልዋሂድ ባሕር

ይህ ተረት አይደለም። የማያምን ካለ እናቴን ሰልማን ይጠይቃት... እሷ ግን አትነግረውም። ዕድሜዋ ከስልሳ በላይ ሆኖ፣ ዛሬም መስታወት ውስጥ የቆመ ውሃ ካየች ትደፋዋለች።

ጊዜው 1961 ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ። ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ ገበያው አጠገብ፣ የአያቴ የአብዱልዋሂድ ቤት።

ሌሊት እየጠበቃችሁ ከሆነ ይቅርታ። ሁሉም የሆነው በቀን ነው።

አብዱልዋሂድ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሚስቱ መዲና የምፅዋ ልጅ ነበረች፤ ባሕር እንደናፈቃት ደጋ ላይ ሞተች። በተቀበረች ቀን ትንሿ ልጃቸው ሰልማ አፏን ዘጋች...

ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም።

ሐኪም አያት፣ ዱዓ ተደረገላት፤ ለውጥ የለም። እናቷ የተወችውን የባሕር ዓሣ ሥዕል ስታይ ብቻ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

አያቴ ይህን አየና ባሕሩን እቤቴ አመጣላታለሁ ብሎ ተነሣ። ጎረቤቱ ሁሉ ሐዘን አእምሮውን ነካው አለ።

ወፍራም መስታወት አስመጣ። በብረት አስሮ ገንዳ አደረገው፣ መጋጠሚያውን በስቱኮ ደፈነ፣ ከሥሩ አሸዋ አነጠፈ። ከጣሪያው ሥር በርሜል ሰቅሎ ቧንቧ ወደ ገንዳው አወረደ፤ ከገንዳው ደግሞ ሌላ ቧንቧ ወለሉ ላይ ወዳለው በርሜል። የወረደውን ውሃ መልሶ ወደ ላይ የሚያወጣው እሱ ራሱ ነው፣ በእጅ ፓምፕ። ክንዱ ዝሎ ማንኪያ ማንሳት እስኪያቅተው ድረስ ይገፋ ነበር።

ሾፌሩ ወዳጁ አብዱረዛቅ ከምፅዋ የባሕር ውሃ በበርሜል፣ ስድስት ትንንሽ ዓሦች በዳሚጃና፣ በትልቅ ጠርሙስ፣ ጭኖለት መጣ። ሦስቱ መንገድ ላይ ሞቱ። ዓሦቹ የሚደበቁበትን ድንጋይ ግን አላመጣም፤ ጎጃም ድንጋይ አጥቶ ነው ወይ ብሎ ሳቀበት።

አያቴ ሮብ ገበያ ወደሚባለው መንደር በሚወስደው መንገድ፣ አፋፉ ላይ፣ አንድ የድንጋይ ክምር ያውቅ ነበር። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነው፣ ለዓሣ ተብሎ የተፈጠረ የሚመስል። መንገድ ሠሪዎች ትተውት የሄዱ መሰለው። አርባ አንድ ድንጋይ መርጦ በአህያ አመጣና መካከሉን ዋሻ አድርጎ ገንዳው ውስጥ ካበው።

ሰልማ መስታወቱ ሥር ተቀምጣ ፈገግ አለች። አያቴ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

በማግሥቱ ዋሻው አልነበረም...

ድንጋዮቹ አሸዋው ላይ በተርታ ተጋድመዋል። ክብደት ነው ብሎ እንደገና ካበው፤ አሁን በሽቦ አሰረው።

በሦስተኛውም ቀን ተጋድመው አገኛቸው።

ሽቦው ተፈትቷል። በሥርዓት ተጠቅልሎ የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

ውሃው አራት ጣት ጎድሏል። አያቴ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ዳበሰ፤ ሁሉም ደረቅ ናቸው። ወለሉም ደረቅ ነው። ሦስቱ ዓሦች አንድ ጥግ ተጣብቀው አይነቃነቁም።

ከዚያ ያቺ ዓርብ መጣች።

ከጁምዓ ተመልሶ በሩን ሲከፍት ድምፅ ሰማ... የሰልማ ድምፅ። ጆሮዋን ቧንቧው ላይ ለጥፋ በሹክሹክታ ታወራለች። አያቴ ከደስታው ብዛት በሩን ሳይዘጋ ገባ።

እሷ ግን ዝም ትላለች... ታዳምጣለች... ራሷን በእሺታ ትነቀንቃለች።

"ሰልሚ... ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"በርዶታል።"

"ማንን?"

"አጠገቤ ተኚ ይለኛል።"

አያቴ ገንዳውን አየ። የተጋደሙት ድንጋዮች አንድ ላይ ራስና እግር ያለው የተኛ ሰው መሰሉት። የሙያ ነገር ነውና እጁ ሳያስበው ተጣጣፊ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ።

አንድ ሜትር ከአራት ሳንቲም።

ይህን ቁጥር ያውቀዋል... ዞር ብሎ የበሩን መቃን አየ። ለዒድ ቁመቷን ለክቶ በእርሳስ ያሰመረው መስመር እዚያው አለ። አንድ ሜትር ከአራት ይላል።

በዚያው ሰዓት የሮብ ገበያው ገበሬ ውበቱ የጣሪያ ቆርቆሮ ሊያስቀጥል መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ገንዳውን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ፣ ይህን ከየት አመጡት?"

"ከአፋፉ።"

"መቃብር እኮ ነው..."

ነገሩን በሹክሹክታ አስረዳው። ድሮ ዘመድ የሌለውን አንድ መንገደኛ እዚያ ብርድ ገድሎታል። ተነሥቶ ሰው እንዳይከተል አላፊ አግዳሚው አንድ አንድ ድንጋይ ይጥልበታል። "እረፍ" ብሎ ዞር ሳይል ይሄዳል። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አይነገረውም።

አያቴ ልጁን አያት። ድንጋዮቹን ቢመልስ የሰልማ ድምፅ ተመልሶ ሊጠፋ ነው። ባይመልስ ደግሞ የመቃኑ መስመር አለ።

አህያዋን ጫኑ።

አፋፉ ላይ በረዶ ይወርድ ነበር። አርባ አንዱንም መለሱ። ውበቱ "እረፍ" ብሎ ፊቱን አዞረ። አያቴም "እረፍ" አለ፤ ግን እግሩ አልሄድ አለው። አባት ነውና ፈራ፤ አንዲት ቃል አልበቃችውም።

"ልጄን ተዋት... ብቻህን ከሆንክ እኔ እመጣለሁ።"

ውበቱ ክንዱን ጨምድዶ ጎተተው። ከተማ እስኪገቡ ድረስ አልለቀቀውም።

ቤት ሲደርስ ሰልማ በሩ ላይ ቆማለች።

"አባዬ፣ ራበኝ" አለችው።

አቅፏት መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ የእናቴ አፍ አልተዘጋም፤ ዛሬም እኛ ነን ዝም በይ የምንላት።

ገንዳው ባዶ ነበር፤ ውሃውም ዓሦቹም የሉም። አሸዋው ላይ ግን ሰው የተኛበት የሚመስል ጉድጓድ ቀርቷል። ርዝመቱ የልጅ አይደለም። ገንዳው ጠብቦት ጉልበቱን ያጠፈ ትልቅ ሰው ነው...

አያቴ ያን ቀን ሜትሩን አላወጣም።

በጥቅምት፣ አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ የሚያፈስ ቧንቧ አለ ብሎ ከቤት ወጣ። የማን ቤት እንደሆነ አልተናገረም። አልተመለሰም።

ሜትሩን ያገኘው ውበቱ ነው። ክምሩ አጠገብ ተዘርግቶ ነበር፣ አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት ላይ። የአያቴ ቁመት ነው። ክምሩም ጎኑ ሰፍቶ የሁለት ሰው ያህል ሆኗል። ድንጋዩን አንሥቶ ለማየት የደፈረ ሰው የለም።

እናቴ በዚያ መንገድ ስታልፍ ዛሬም መኪና አስቁማ ትወርዳለች። ባለፈው ዓመት አብሬያት ነበርኩ። ሁለት ድንጋይ ጣለች፣ "እረፍ" አለች፣ "አባዬ እረፍ" አለች።

የመጀመሪያው ድንጋይ ክምሩ ላይ ወድቆ ጮኸ።

ሁለተኛውንም በዓይኔ አየሁት፤ እዚያው ደረቁ ክምር ላይ ነው ያረፈው...

የሰማሁት ግን ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው።