የማሩ ቀማሽ

በዛርካና ምድር የገመራ ወንዝ ሦስት ቀን ሽቅብ ፈሰሰና በአራተኛው ደረቀ። ንጉሥ ሞርገድ፣ ይርገዱ የምትባል ልጃገረድ የምትኖርበት መንደር እኔ ሳልፍ ዘግይቶ ሰገደልኝ ብሎ፣ ለዙፋን ብቻ የሚታዘዘውን ዘንዶ ምንጩ ላይ አስተኝቶበት ነው። ሕፃናት በጥም ማለቅ ጀመሩ።

የመንደሩ ሽማግሌ አባ ሸንቁጥ ደግ ሰው ነበሩ፤ የመጨረሻዋን ቅል ውሃ ለአራስ የሰጡ። «ልጆቼ፣ የአንድ ሰው ሞት የሺህ ሰው ሕይወት ነው» አሉ። ይርገዱና ታላቅ ወንድሟ ጎንጤ ይህን አምነው ንጉሡን ሊገድሉ ማሉ።

ሰባት ተራራ አቋርጠው ከጥቁር ንቦች ዋሻ፣ የበላውን በሦስተኛው ቀን የሚገድለውን ማር ቆረጡ። ታዲያ በዛርካና ለንጉሥ የሚበላ ያመጣ ሰው ፊቱ ቆሞ መቅመስ አለበት። ጎንጤ «ታላቅ እኔ ነኝ» አለና ክርክሩን ዘጋው።

ቀመሰ። ንጉሡም በላ፤ ጣፍጦት ጎንጤን በገዛ እጁ ደግሞ አጎረሰው። ይርገዱ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻለችም፤ ማንን እንደሆነ ግን አታውቅም። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ሞቱ። አባ ሸንቁጥ ዙፋን ላይ ወጥተው ዘንዶውን አስነሡ፣ ወንዙ ወረደ፣ ነጋሪት ተጎሰመ።

«ሹመት ያዳብር» የተባሉት ሰው ዓመት ሳይሞላቸው የማዶውን ሸለቆ «ናቀኝ» ብለው ዘንዶውን ላኩበት። ይርገዱ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነች። «ወንድምሽ ጀግና ነው፤ ሐውልት አሠራለታለሁ» ብለው ሸኟት። ሐውልቱን አፈር ይብላው።

በማግስቱ አንድ የማዶ ጎልማሳ ከእህቱ ጋር ደጇን አንኳኳ።

«እመቤቴ፣ የንቦቹን ዋሻ ያሳዩን። ቀማሹ እኔ ነኝ።»

«ከዚያ በኋላ ማን ይነግሣል?»

«የእኛ ሽማግሌ። ደግ ሰው ናቸው።»

«የእኛም ደግ ነበሩ።»

የጎልማሳው እህት «ታዲያ ልጆቻችን ይለቁ፣ እመቤቴ?» አለች።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ አባ ሸንቁጥ ማሩን በልተው በሦስተኛው ቀን ሲያጣጥሩ ለይርገዱ በዓይነ ሕሊናዋ ታዩዋትና ልቧ ደስ አለው፤ በደስታዋም አፈረች። መንገዱን እስከ ሰባተኛው ተራራ ድረስ ነገረቻቸው።

ከዚያ የልጅቱን እጅ ይዛ ወደ ጎን ወሰደቻት። «ሲቀምስ አጠገቡ አትቁሚ» አለቻት። «እኔ ቆሜ ነበር።»