መገንጠያው ላይ የቆመችው

ጥርስ ሠሪዋ ጫካ የገባችው ሰው አጥታ ነው። እንዲህ ሲሉት ያስቃል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። እናቷን ስምንት ዓመት አስታማ ቀበረች፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጭር አለባት። ቀን ቀን ከጥርስ ክሊኒኩ ኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ለማታውቃቸው ሰዎች ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። ቤቷ ስትገባ እጇ ለምዶ አሁንም ለሁለት ሰው ታበስላለች። እሁድ ከመጣማ ጭንቅ ነው። ስልኳ አይጠራም፤ ከጠራም እትዬ ናት።

እትዬ ታላቅ እህቷ ናት። ክፉ አይደለችም፤ ብቻ ለሰው ሁሉ ቀድማ መልስ የምትሰጥ ዓይነት ሴት ናት። ለታናሿም ነገሩን ቆርጣላታለች። የእናታቸውን ቤት ትለቃለች፣ እትዬ ቤት ፎቅ ላይ ያለችው ክፍል ትገባለች፣ ልጆቹን ትይዛለች፣ በዚያው ብቸኝነቷን ትረሳለች። ክፍሉ እንኳን ቀለም ተቀብቶ አልቋል። ጥርስ ሠሪዋ እሺም እምቢም አላለችም፤ ዝምታዋ እንደ እሺ ተቆጠረ።

በጋው ሲገባ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየችና በየእሁዱ ጫካ ለጫካ ከሚጓዙ ሰዎች ጋር ተመዘገበች። በጠቅላላው አሥራ ሰባት ናቸው። ጠዋት በአንድ አውቶቡስ ይሄዳሉ፣ ሲጓዙ ውለው ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። መሪያቸው ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር ነው፤ ከአንገቱ ስለማትጠፋው ነገር ፊሽካ ይሉታል። ፊሽካ በአንድ ሕግ ቀልድ አያውቅም። መገንጠያ ላይ ሲደርሱ ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው እዚያው ይቆማል፤ ለሚመጡት መንገዱን ያሳያል፤ የመጨረሻው ሰው እስኪደርስ ንቅንቅ አይልም። የመጨረሻው ሰው ደግሞ ሁሌም ሰው ቆጣሪው ነው፤ በሙያው የአሳንሰር ጠጋኝ ነው።

መጀመሪያ ቀን ሳታስበው ሁለተኛ ሆና ተገኘችና ቁሚ ተባለች። ሰዎቹ አለፉ፣ ወሬያቸው ራቀ፣ ዛፍና እሷ ብቻ ቀሩ። ከዚያ ጠጋኙ ቀስ እያለ መጣ፤ ሌሎቹ ጋ እስኪደርሱ አብረው ሄዱ። አሳንሰር ውስጥ የተያዘ ሰው መጀመሪያ የሚለው «አለህ?» ነው አላት፤ እሱም ከበሩ ውጭ ሆኖ «አለሁ» ይላል፤ ከጥገናው ይልቅ ትልቁ ሥራው እሱ መሆኑን አጫወታት። እሷ ደግሞ ሰው ስታይ ዓይኗ ጥርሱ ላይ እንደሚያርፍ ስትነግረው አፉን በእጁ ከደነ። ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ መሳቋ እንደሆነ ራሷም አላስታወሰችም።

ከዚያ ወዲያ ሰልፍ ላይ እንኳን ተጋፍታ የማታውቀው ሴት መገንጠያ በቀረበ ቁጥር ሰው እየገፋች ሁለተኛ መሆን ጀመረች። ሴቶቹ ይጠቃቀሱባታል፤ ግድም አልሰጣት። ስድስት ቀን በሙሉ ከእሱ ጋር ለምትሄድባቸው ሃያ ደቂቃዎች ትኖር ነበር።

በጋው ሊያልቅ ሁለት እሁድ ሲቀረው ጠጋኙ መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ እንዳዛወረው ነገራት።

«አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አላት።

በመጨረሻው ጉዞ እመልስልሃለሁ አለችው። ሁለቱን ሳምንት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ በስተመጨረሻ ግን ቆርጣ ነበር።

የመጨረሻው እሁድ ጠዋት እትዬ ደወለች። ድምጿ አውቶቡሱን ሞላው፤ ከሰዓት በኋላ ጫካው በር ድረስ በመኪና መጥታ ወስዳት ክፍሉን ልታሳያት ነው። ጥርስ ሠሪዋ ዝም ብላ ሰማች። በኋላ ቀስ ብላ «አትምጪ» የሚል መልእክት ላከች፤ ይህን ግን ማንም አላየም።

ሦስተኛው መገንጠያ ላይ ቆመች። ሰዎቹ በየተራ አለፉ፤ በመጨረሻ እጅ ለእጅ የተያያዙት አዲስ ሙሽሮች እየተሳሳቁ አለፉ። ጠጋኙ ግን አልመጣም።

አንድ ሰዓት ጠበቀች። ስልኳ እዚያ አይሠራም። መጀመሪያ ምን አገኘው ብላ ተጨነቀች። በሁለተኛው ሰዓት መልሴን ፈርቶ ሸሸ ብላ አሰበች። በሦስተኛው ጥላው ሲረዝም ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ ሌላውን ሁሉ የምታሳልፍ ሴት መሆኗን አሰበችና አለቀሰች። እንዳትሄድ ሕጉ ያዛት። እውነቱን ለመናገር የያዛት ሕጉ ብቻ አይደለም።

ጠጋኙ እየሮጠ ደረሰ። እስኪተነፍስ ጠበቀችው። አብራቸው የምትጓዝ አንዲት ጡረተኛ ነርስ እግሯ ወለም ሲላት በአቋራጭ መንገድ ወደ አውቶቡሱ ወስዷት ነበር፤ መገንጠያው ላይ ያለችውን ይዛችኋት ሂዱ ብሎ ለሙሽሮቹ ነግሯል። ሙሽሮቹ ረሱት። ትዝ ያላቸው አውቶቡሱ ግማሽ ሰዓት ከሄደ በኋላ ነው፤ እሱም እዚያው ወርዶ ባገኘው መኪና ተመለሰ።

«ስትነሱ አልቆጠርክም?» አለችው።

«ቆጠርኩ። አሥራ ስድስት ነበርን።» ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ፊሽካ ሞላ ወይ ሲለኝ፣ ሞላ አልኩት።»

«ለምን?»

«ከእህትሽ ጋር የሄድሽ መሰለኝ። እምቢ ማለትሽ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው ፊት አንቺን ለመፈለግ አፈርኩ።»

ቁልቁለቱን ወረዱ። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ዞረች።

«ሦስት ሰዓት ሙሉ እሺ የሚለውን ቃል ይዤ ቆሜልህ ነበር። እትዬ በኔ ፈንታ ትመልሳለች። አንተም በኔ ፈንታ መለስክ።»

«እኔ እንኳ ጠይቄሽ ነበር።»

«ጠየቅህ፤ መልሱን ግን አልጠበቅህም።»

«ልክ ነሽ» አለ። ሌላ ማመካኛ አልጨመረም። ከዚያ «አሁን ብጠይቅሽስ?» አላት።

«ጠይቅ።»

ጠየቃት። አውቃ ዝም አለች። አንድ የጭነት መኪና አለፈ፣ አቧራው ተነስቶ ተኛ፤ አሁንም ዝም አለች። ሰውየው ላብ አጠመቀው፤ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ በእሷ ፈንታ እሺም እምቢም አላለም። እንዲህ ዓይነት ዝምታ የሰጣት ሰው በሕይወቷ አልነበረም።

«እሄዳለሁ» አለችው።

ሰውየው አስፋልቱ ዳር ቁጢጥ ብሎ አለቀሰ። አላባበለችውም። አጠገቡ ተቀመጠች።