የአባዬ አንድ ደቂቃ

«በቃ፣ ደቂቃው አለቀ» አለች ጥይት።

ስልኳ ላይ ያለው ሰዓት ግን ሰባ ሰባት ሰከንድ ይል ነበር። ፈጠን ብላ አጠፋችውና ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው።

አባቷ ጣቶቹን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ግራው ቶሎ ተነሳ፤ ቀኙ እንደ ሰነፍ ተማሪ ዘግየት ብሎ ተከተለ። ከዚያ መነጽሩን አስተካክሎ የጻፋቸውን ቃላት አንድ በአንድ ቆጠረ።

«አርባ አንድ» አለ በመጨረሻ። «ሰማሽ የኔ እመቤት? አርባ አንድ።»

እናቷ ከክፍሉ ወዲያ በኩል ለነገ የሚለብሰውን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቁማ ፈገግ አለች። ጥይት እናቷን እንዲህ ፈገግ ብላ ካየቻት ስድስት ወር ሆኗታል፤ አባቷ ቁርስ ሲበላ ማንኪያው ከእጁ ወድቆ፣ ማንሳት አቅቶት ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ።

አባቷ የቢሮ ጸሐፊ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ደብዳቤ ሲተይብ ኖሯል። ድሮ በደቂቃ ሰባ ቃል ይጥል ነበር፤ አለቆቹ ተናግረው ሳይጨርሱ እሱ አራት ነጥብ አድርጎ ይጠብቃቸዋል። ነገ ጠዋት ግን መሥሪያ ቤቱ ሊፈትነው ነው። አርባ ቃል ከሞላ ወንበሩ ላይ ይመለሳል። ካልሞላ ይሰናበታል። ሌላም መንገድ አለ፤ ከፈተናው በፊት አንድ ቅጽ ፈርሞ ካስገባ፣ ፋይል ከቢሮ ቢሮ የሚያዞር ተላላኪ ሆኖ ይቀራል። ቅጹ ፍሪጁ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

ሰዓት ያዥነቱን ለጥይት የሰጣት ራሱ ነው። የቋንቋ አስተማሪዋ ተማሪው ሁሉ በደቂቃ ስንት ቃል እንደሚያነብና እንደሚናገር ለክተው ነበር። እሷ በንባብ መሃል ላይ ተገኘች። በወሬ ግን ሁለት መቶ ስድስት ቃል አስቆጥራ አንደኛ ወጣች። ከዚያ በፊት በማርፈድ ካልሆነ በምንም አንደኛ ወጥታ አታውቅም ነበር። «ጥይት» የሚለው ስም የዚያን ቀን ተለጠፈባት። አባቷ ይህን ሲሰማ ስቆ ስቆ፣ «በይ እንግዲህ፣ ልኬት ካወቅሽ እኔንም ለኪኝ» አላት።

የመጀመሪያ ቀን ሠላሳ ሁለት መጣለት። ፊቱ ሲጠቁር ስላየች በማግስቱ አምስት ሰከንድ ጨመረችለት። ምን አለበት፣ አምስት ሰከንድ ናት። ሲሻለው እቀንሳለሁ ብላ ነበር። ይኸው ሦስት ሳምንት። እሱ ደስ ባለው ቁጥር፣ ለነገው ደግሞ ትንሽ መጨመር ግድ ሆነባት።

አሁን ከጠረጴዛው ሥር በስልኳ አሰላችው። ሠላሳ ሁለት። ያው ሠላሳ ሁለት። በሦስት ሳምንት ውስጥ የተሻሻለው የእሷ ውሸት ብቻ ነው።

«ነገ የምትፈትነኝ ኃላፊ መነጽሯን አውልቃ ነው የምታየኝ» አለ አባቷ። «ያንን ቅጽ አምጪልኝማ፣ ልቅደደው።»

«ተው እንጂ፣ ምን አስቸኮለህ» አለች እናቷ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺ፣ በደንብ ነው አይደል የምትለኪው?»

በደቂቃ ሁለት መቶ ስድስት ቃል የምታወራዋ ልጅ ስልኩን ከጭኗ ሥር ደበቀችው።

«እሷን ነው የምትጠረጥሪው?» አለ አባቷ። «ትምህርት ቤት ነው እንጂ በእኔ ሰዓት አርፍዳ አታውቅም።»

ጥይት ስልኩን መልሳ አወጣች። «አባዬ፣ አንዴ ድገመው።»

«ለምን?»

«ዝም ብለህ ድገመዋ።»

ስልኩን አንድ ደቂቃ ላይ ሞላችው፤ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈተችው። ከዚያ በስኳር ዕቃው አስደግፋ ፊት ለፊቱ አቆመችለት። በዚህ ሦስት ሳምንት ሰዓቱን በዓይኑ ሲያየው የመጀመሪያው ነው።

ስልኩ ሲጮህ አባቷ ገና አንድ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ነበር። ቢሆንም አላቆመም። ሁለት ቃል፣ ሦስት ቃል ጨመረ። ከዚያ ቀኝ እጁ ቀድሞ ቆመ። መቁጠር ጀመረና ሃያ ምናምን ላይ ሲደርስ ተወው።

«ስልክሽ ተበላሽቷል እንዴ?» አላት። ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። አዎ በይኝ የሚል ድምፅ ነበር።

እናቷ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች።

«አልተበላሸም፣ አባዬ» አለች ጥይት። «ቀድሞም አልተበላሸም። እኔ ነኝ ሰከንድ ስጨምርልህ የነበርኩት።»

ቢቆጣት በወደደች። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ቆሻሻ እንኳ አልነበረበትም።

«ስንት?»

«ዛሬ አሥራ ሰባት።»

«አሥራ ሰባት» አለ ቀስ ብሎ። «ድሮ እኮ በአሥራ ሰባት ሰከንድ ሃያ ቃል እጽፍ ነበር።»

ጥይት ወንበር ላይ ወጥታ ቅጹን ከፍሪጁ ላይ አወረደችው፤ አቧራውን በእጅጌዋ ጠርጋ ፊቱ አስቀመጠችለት። አብራ ያነሳችውን ብዕር ግን በቀኙ በኩል ታድርገው ወይስ በግራው አላወቀችም፤ ይዛው ቆመች።