ያልበረደ ከሰል

ሣጥኗ ላይ ያለው ቁጥር ወደ ላይ መውጣቱን አላቆመም።

«ተበላሽታለች» አለች ማስተዋል፣ መዳፍ የምታክለውን ሣጥን እየነቀነቀች። «ጭስ የለ፣ ሽታ የለ!»

«አትነቅንቂያት ባክሽ፣ የክበቡ ናት!» ሰርክአዲስ ከእጇ ነጠቀቻት።

ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ጓደኛሞች አዲስ ቅዳም ከተማ ዳር፣ ሰርክአዲስ ቤት ጓዳ ውስጥ ቆመዋል። ሣጥኗን ለሳይንስ ክበባቸው ያዋሰችው ቤዛዊት የምትባል የእንጅባራ ተመራማሪ ናት። አየር ውስጥ መርዛማ ጋዝ መኖሩን ትለካለች። ውስጧ ግራፊን አለ፤ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው። ግራፊን ብቻውን መርዛማ ጋዝ አጥብቆ ስለማይዝ ሌላ ንጥረ ነገር ጥቂት ተቀላቅሎበታል። ጋዙ ሲጣበቅበት የኤሌክትሪኩ ፍሰት ይለወጣል፤ ቁጥሩም ይወጣል። ቀዩ መብራት ከበራ ግን ቶሎ ውጡ ብላቸዋለች ቤዛዊት።

ቀዩ በራ።

ሰርክአዲስ መደብ ላይ የተኛውን ትንሹን ወንድሟን ውቤን አፈፍ አድርጋ ወጣች። ልጁ ዓይኑን ሳይገልጥ ተነጫነጨ። ደጅ ካፊያው ላይ ሲቆሙ ቁጥሩ ወረደ። ማስተዋል ሣጥኗን ተቀብላ ወደ በሩ ስታስጠጋት እንደገና ወጣ።

«አልተበላሸችም» አለች ድምፅዋን ቀንሳ።

ጓዳው ውስጥ ከሰል የተሞሉ ማዳበሪያዎች ተደርድረዋል። የሰርክአዲስ አባት ይሄነው ዲከረንስ የሚባል የግራር ዝርያ እንጨት ያከስላል። ከማክሰያው ክምር የወጣ ከሰል ውስጥ ለውስጥ እሳት ሊኖረው ስለሚችል ውጭ ማደር ነበረበት። ዝናብ ሲመጣ ግን ሰፈሩ ሁሉ በትኩሱ ወደ ቤት ያስገባል። የራሰ ከሰል ማን ይገዛል?

«ሰርኬ» አለች ማስተዋል። «ትዕግስት የሞተች ቀንም... ዝናብ ነበር አይደል?»

አምና ክረምት የሰርክአዲስ ጨቅላ እህት ትዕግስት እዚያው ጓዳ ውስጥ እንደተኛች ቀረች። ሰዉ ምች ነው አለ። እናቷ ግን «ለምን ጥያት ወንዝ ወረድኩ» እያለች እስከ ዛሬ ራሷን ትበላለች። ያን ቀንም ማዳበሪያዎቹ እዚያ ነበሩ።

«ለአባትሽ ይህን አትንገሪው» አለች ማስተዋል ቶሎ ብላ። «አቧራው ውቤን አሳለው በይና ከሰሉን ያወጣዋል። በቃ፣ አለቀ።»

ዛሬ ያወጣዋል። በሚቀጥለው ዝናብስ?

ይሄነው ከነጭቃው ደረሰ። «ምነው ልጁን ዝናብ ላይ አቆማችሁት? ልትገድሉት ነው?»

«ጋሼ፣ አቧራው አሳለው» አለች ማስተዋል።

«አቧራ ደግሞ ማንን ገደለ? ግቡ!» ብሎ እሱ ራሱ ወደ በሩ ተራመደ።

ሰርክአዲስ የጋቢውን ጫፍ ያዘች። «አባዬ፣ አይግቡ። ከሰሉ አልበረደም። የማይታይ መርዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።»

«ማን ነው ያለሽ?»

ማስተዋል በሩ ላይ የያዘቻትን ሣጥን አሳየችው። ቀዩን መብራት አየ። ማዳበሪያዎቹን አየ። ከዚያ መደቡ ላይ ዓይኑ ቀረ። ትዕግስትን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄደው እሱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስሟን ጠርቶ አያውቅም።

«ትዕግስትንም?» አለ በቤታቸው ቋንቋ በአውኚ፣ ቀስ ብሎ።

ማስተዋል ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ሰርክአዲስ ውቤን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው።

«ይመስለኛል፣ አባዬ» አለች በዚያው በአውኚ፤ ጋቢውንም አልለቀቀችም።