ስልኬ ሐይቅ ገባ

ጉልላት አይዋሽም፤ እውነትን ትንሽ ያወፍራታል እንጂ። የባጃጁ ጎማ ሲተነፍስ፣ «ጉማሬ ነከሰብኝ» ይላል። ታቦር ሰፈር ይህን የማያውቅ የለም።

አንድ ቅዳሜ እናቱን ወይዘሮ ሙሉጌጥን አዲስ ከተማ ሰፈር ወዳለው የቀበሌ አዳራሽ አደረሳቸው። እዚያ ፀጋ የምትባል፣ ከደሴ መጥታ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ለሰፈሩ እናቶችና አባቶች የስልክ አጠቃቀም ታስተምራለች፤ ከአጭበርባሪ መጠንቀቅንም ጭምር። ጉልላት በር ላይ ቆሞ የጉማሬ ወሬውን ሲቀድድ ሰማችው።

«እንዲህ ከቻልክበት ለምን ሌባ አትሆንልኝም?»

«ምኑን ልስረቅ?» አለ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ።

«እናቶቹን። ከማያውቁት ቁጥር እየጻፍክ ሸውዳቸው። የተሸወደ አይረሳም።»

መጀመሪያ የሸወደው የገዛ እናቱን ነው። «እማዬ፣ ስልኬ ሐይቅ ገባ። ይሄ አዲሱ ቁጥሬ ነው። የምስጢር ቁጥርሽን ላኪልኝ።» ላኩለት! አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«አንተ ሞላጫ! ለዚህ ነው ያሳደግኩህ?»

ፀጋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እንዲህ የሚል ከመጣ በድሮው ቁጥር ደውሉ» አለች። «ካልተነሳ አትመልሱ፣ ብሎክ አድርጉት!»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዶርሟ የሚያደርሳት እሱ ሆነ። አጭሩን መንገድ ትቶ በሐይቅ ዳር ይዞራል። እሷም አጭሩን እንደማታውቅ ትሆናለች። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ ሁለቱም ቶሎ ወደ ውጭ ያያሉ።

የመጨረሻ ፈተናዋን በጨረሰች ሰሞን አንድ ቀን፣ «ሽማግሌ ተልኮብኛል» አለችው። «ማክሰኞ ጠዋት ደሴ እሄዳለሁ።»

«ሙሽራው ጥርስ አለው?»

አልሳቀችም። «ጉልላት፣ ያለ ቀልድ የምትለኝ አንድ ነገር የለህም? ካለህ እቀራለሁ። ለአባቴም እኔው እነግረዋለሁ።»

«እጽፍልሻለሁ» አለ በጭንቅ።

ሰኞ ዓሣ አጥማጆቹ ዳር ያቆሟት ጀልባ ላይ ተቀምጦ ይጽፋል፣ ያጠፋል። የጀልባዋ ባለቤት ዘሎ ሲገባ ጀልባዋ ተናጠች፤ ስልኩ ጥልቅ ብሎ ውሃ ውስጥ ገባ። ሮጦ የባጃጅ ጓደኛውን የኤርሚያስን ስልክ ነጠቀ፤ በቃሉ በሚያውቀው ቁጥሯ በቴሌግራም ጻፈላት።

«ፀጋዬ፣ ጉልላት ነኝ። ስልኬ ሐይቅ ገባ፣ ይሄ የኤርሚያስ ቁጥር ነው። እወድሻለሁ። አትሂጂ።»

ፀጋ ዶርሟ ውስጥ አነበበችው። ልቧ ዘለለ። ከዚያ እንዳስተማረችው በድሮው ቁጥር ደወለች። ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ዝግ ነው።

«በዛሬዋ ቀን እንኳ ይቀለድብኛል?» አለች ለብቻዋ። ብሎክ አደረገችውና ትራሷ ላይ ተደፋች።

ጉልላት መልእክቱ መነበቡን አየ። መልስ የለም። ቢደውል አይገባም።

«ሂድና በአፍህ ንገራት እንጂ!» አለው ኤርሚያስ።

«አንብባ ዝም አለች እኮ። ከዚህ በላይ ምን ትበለኝ?»

አልሄደም። ማክሰኞ ፀጋ ሄደች።

በዓመቱ የዲግሪ ወረቀቷን ልትወስድ መጣች። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያገኘችው ባጃጅ የእሱ ሆነ። ጣቷ ላይ ቀለበት አለ።

«መናኸሪያ» አለች። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ «ያን ሰኞ ከማላውቀው ቁጥር መልእክት መጥቶልኝ ነበር። አንተ ነበርክ?»

ቀለበቱን በመስታወት አየ። «ኧረ እኔ አይደለሁም! አንዷ ተማሪሽ ትሆናለች፤ ሁሉም እኮ ሌብነት ለምደው ነበር።»

«እንኳን ብሎክ አደረግኩት።»

«እንኳን አደረግሽው።»

ቀለበቷን እያዞረች፣ «ታዲያ ያን ቀን ስልክህ ለምን ዝግ ሆነ?» አለች።

ጉልላት አጭሩን መንገድ ትቶ ወደ ሐይቅ ዳር ታጠፈ። ፀጋ ውሃውን አየችና ሁሉም ገባት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

መናኸሪያ ደረሱ። የአውቶቡሱ ረዳት በሩን ይዞ ይጮኻል፣ «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ! አንድ ሰው የቀረው!»

ፀጋ ከባጃጁ ወርዳ የቀረውን ቦታ ያዘች።