የገና ዘመድ

እንዳላማውን ያህል የሚያናድድ ሰው ጎጃም አላበቀለም። ይህን የምለው ወድጄው ነው።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ከሰፈረ ወዲህ የአገሩ ጎበዝ ዱር ቤቴ ስላለ በየደብሩ የገና ተጫዋች ጠፋ። እንዳላማው ከዱር የተመለሰው ጥይት ሁለት ጣቱን ስለወሰደበት ነው። ጠመንጃ አቃተው እንጂ የገና ዱላ አላቃተውም። ከኋላ ቆሞ የገናዋን ኳስ ሩሯን ሲመክት የሚያልፈው የለም። አንዱን ዓመት ለይጁቤ ደብር፣ ሌላውን ለጉንደ ወይን ተሰለፈ። ያበሉታል፣ ጋቢ ያለብሱታል፣ በዓሉ ሲያልፍ ይሸኙታል። ለደብሩ የሚጫወት የደብሩ ዘመድ መሆን አለበት፤ እሱ ግን የትም ቢሄድ አክስት አያጣም።

በአራተኛው ዓመት የእኛ ተራ ደረሰ። አባቴን ባላምባራስ አበረን፣ ከወንዝ ማዶ ያሉ ሰዎች ሁለት ዓመት አሸንፈው የሰደቧቸው ስድብ እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። እንግዳውን እኛው ቤት አሳረፉት። እራት ሳቀርብለት ቀና ብሎ ያየኛል። እኔም አየዋለሁ። ገና ሊደርስ ሲል ምንጭ ወርዶ እንስራዬን እያሸከመኝ፣ በዓሉ እንዳለፈ ሽማግሌ እንደሚልክ ነገረኝ። ደስታዬን የደበቅኩ መስሎኝ ነበር፤ ግማሹን ውኃ በመንገድ ደፋሁት።

የጨዋታው ዕለት ማዶዎቹ «ይሄ የማን ዘመድ ነው?» ብለው ሞገቱ። አባቴ ብድግ ብለው፣ የአጎታቸው የልጅ ልጅ መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። የእኔ ብልህ ደግሞ «አዎ» ብሎ አንገቱን ነቀነቀ።

አሸነፍን። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። አባቴ ሊሰጡኝ እንደፈለጉ ከፊታቸው ያስታውቃል፤ ግን ሰባት ቤት ያልሞላ እንዴት ይጋባል? የተናገሩትን ደብሩ ሁሉ ሰምቷል። አንገታቸውን ደፍተው መለሷቸው።

እንዳላማውን ከአጥሩ ሥር አገኘሁት።

«አክስት ስትሰበስብ ሚስት እንዳጣህ ታውቃለህ?»

«ያን ጊዜ ያሰብኩት ሩሯን ብቻ ነበር» አለኝ።

ልመታው ምንም አልቀረኝም። «እንግዲያው ምረጥ» አልኩት። «ወይ ዘመዴ ሁን፣ ወይ ባሌ።»

ጋቢውን አጣፍቶ ሄደ። አራት ቀን ተቃጠልኩ።

በጥምቀት ሁለቱም ደብሮች አንድ ውኃ ላይ ሲገናኙ እንዳላማው ከሕዝቡ መሐል ወጣ።

«እኔ የባላምባራስ ዘመድ አይደለሁም። ይጁቤም አክስት የለኝም። በሐቅ ያሸነፋችሁት እናንተ ማዶዎቹ ናችሁ።»

ማዶዎቹ በሳቅ ፈነዱ። የእኛዎቹ ሊበሉት ደረሱ። ከእንግዲህ የሚጠራው ደብር እንደማይኖር እሱም እኔም አውቀናል፤ የገና እንጀራው እዚያው ላይ አበቃ። አባቴ ዘንጋቸውን ጨብጠው ደም መሰሉ። ከማዶ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ባላምባራስ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አሏቸው።

አባቴ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ፊቴን የሸፈንኩበት ነጠላ በእንባ ርሷል።

«ዘመዴ ካልሆነማ» አሉ፣ «ሽማግሌዎቹ ይመለሱ።»

በዓመቱ ገና ሲደርስ ባሌ ዱላውን ይዞ ለእኛ ደብር ተሰለፈ። ማዶዎቹ አልለቀቁትም፤ «ዘንድሮስ የማን ዘመድ ነው?» አሉ እየሳቁ። አባቴ ሊነሱ ሲሉ ቀደምኳቸው።

«የእኔ» አልኩ።