በቃኝ የማይባልበት አዳራሽ

በአርሞና ንጉሥ ግቢ ዝናብ የሚጠራው ነጋሪት ማንም ሳይመታው ሦስት ጊዜ ጮኸና ከተሰቀለበት ጠፋ። የሰረቀው የተራራው አውሬ ጎምዣ መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገም፤ የጥፍሩ ጭረት በምሰሶው ላይ ቀርቷል። ከዚያች ቀን ወዲህ በአርሞና ምድር ዝናብ ጠብ አላለም። ነጋሪቱን ሊያስመልሱ የወጡ ዐሥራ አንድ ጎበዞችም በዚያው ቀሩ። ከእነርሱ አንዱ የስመኝ እጮኛ አንዳርጌ ነበር።

ስመኝ የአንጥረኛ ልጅ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ የተራራውን መንገድ ስታይ ከረመች፤ በመጨረሻ የአባቷን መዶሻ ታጥቃ ንጉሡ ፊት ቆመች።

«ጃንሆይ፣ ነጋሪቱንም እጮኛዬንም ይዤ እመለሳለሁ። ካልሆነ አጥንቴ እዚያው ይቅር!»

በአርሞና መሐላ ጨዋታ አይደለም። ሰው በምን እንደማለ መሐላው አይረሳም፤ ቀን ጠብቆ ይፈርዳል። ስለዚህ በአደባባዩ የቆመው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከዚያ ጥርሱ አልቆ ወኔው ያላለቀው አዛውንት ጦረኛ አባ መብረቅ ጦሩን አንሥቶ ከጎኗ ቆመ።

ተራራውን ሰባት ቀን ወጡ። በሰባተኛው ቀን አዛውንቱ አረፍ ብሎ እንዲህ አላት፦ «ልጄ፣ ጎምዣ አይናከስም፤ ይጋብዛል። አያቶቻችን እንደነገሩን የቤቱ ሕግ አንድ ነው። ከአንጀቱ ‹በቃኝ› ያለ እንግዳ በሩ ይከፈትለታል። በሐሰት ካለ ግን ግድግዳው ይቀርበዋል።»

«ታዲያ ይሄ ምን ይከብዳል?»

«እኛ እኮ እየራበንም በቃኝ ማለት የለመድን ሰዎች ነን» አላት አባ መብረቅ።

የድንጋዩ በር ከኋላቸው ሲዘጋ ስመኝ ነገሩ ገባት። ድሮ ሰፊ አዳራሽ የነበረው ቤት አሁን ከመተላለፊያ አይሻልም። ዐሥራ አንዱ ጎበዞች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ገበታ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸውን እንኳ ማንቀሳቀሻ የላቸውም። በይሉኝታ የሚሉት የሐሰት በቃኝ ቤቱን በየቀኑ ስንዝር በስንዝር አጥብቦባቸዋል። ነጋሪቱ ከቤቱ ጌታ ራስ በላይ ተሰቅሏል።

ጎምዣ ገላው እንደ ረጠበ ድንጋይ ነው፤ እጆቹ ግን የሰው እጆች ናቸው፣ ታጥበው የነጡ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! ቁጭ በሉ፣ በሞቴ!» አለ። በሞቴ ማለት ለእርሱ ቀላል ነው፤ ሺህ ዓመት ኖሮ ሞት ደጁን አንኳኩቶ አያውቅም።

አንድ ወጭት በስመኝ ፊት አኖረ። እርሷም፣ እናቷ እንዳሳደገቻት፣ ክዳኑ እንኳ ሳይነሣ «ኧረ በቃኝ፣ ጌታዬ» አለች።

ግድግዳው አቃስቶ ተጠጋ። አባ መብረቅ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ ትከሻው ተቀረቀረ። ጎምዣ ለእያንዳንዱ እንግዳ የሚናፍቀውን ያቀርባል፤ ለአዛውንቱ በቀረበለት ወጭት ውስጥ የወጣትነት ፈረሱ ያሽካካ ነበር። «እኔ ሽማግሌው ምንም አያምረኝም፣ በቃኝ» አለና ግድግዳው ደረቱን ያዘው። ትንፋሹ ሲያጥር ተሰማት።

ስመኝ ወደ አንዳርጌ ዞረች። ከጎኑ ራሷን አየች! ጎምዣ ያቀረበለት ምስል ነው፤ የእርሷ ፊት፣ የእርሷ ሹሩባ። አንዳርጌ በሚንቀጠቀጥ እጁ ምስሏን ያጎርሳል፣ «አንዴ ብቻ፣ አንዴ ልድገምልሽ» ይላል፤ ከንፈሩ በረሃብ ተሰነጣጥቋል። እውነተኛዋን ቀና ብሎ አላያትም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

«ክፈቺው» አላት ጎምዣ። «በዚህ ወጭት ውስጥ የአንዳርጌ ዓይን አለ። ከበላሽለት ወደ አንቺ ይዞራል፣ ስምሽን ይጠራል። በሞቴ፣ ስመኝ፣ አንዲት ጉርሻ!»

እጇ ወደ ክዳኑ ሄደ። «አልጠገብኩም» አለች እያለቀሰች። «ውሸቴን ነበር። ሦስት ዓመት ርቦኛል፤ ዛሬም ርቦኛል።» እውነት ነበርና ግድግዳው ቆመ።

«እንግዲያውስ ብይ!»

የአንዳርጌን እጅ አየች፤ ሲያጎርስ የሚንቀጠቀጠውን። ይህችን ጉርሻ ብትበላ የእርሷም እጅ እንዲህ እንደሚሆን አወቀች። ያኔ አንድ ቀን ትዝ አላት። የአባቷ ወናፍ ተቀዶ አንዳርጌ ቆዳውን ሲሰፋላት ዋለ፤ ክር ታቀብለዋለች፣ እርሱ ይሰፋል፣ ብዙም አላወሩም። ያን ቀን ምንም ሌላ ነገር አልተመኘችም ነበር። ምንም! ሦስት ዓመት ሙሉ ጎደለኝ ስትል የኖረችው ያን ቀን ነው፤ ቀኑ ግን ሙሉ ነበር። ደረቷ ውስጥ የኖረው ቋጠሮ ሲፈታ ተሰማት፤ አሳዘናትም፣ አሳረፋትም።

ወጭቱን ገፋችው። «ከአንዳርጌ ጋር የዋልኩት ያ አንድ ቀን ሙሉ ነበር፤ ምንም አልጎደለውም» አለች። «በቃኝ።»

ጎምዣ ለመሣቅ አፉን ከፈተ። መሐላው ግን አልረሳም። ሺህ ዓመት «በሞቴ» ሲል ኖሯል፤ እስከዚያ ቀን ግን በእውነተኛ በቃኝ የመለሰለት እንግዳ አልነበረም፤ አሁን የማለበት ሞት መጣ። ነጫጭ እጆቹ መጀመሪያ ወደቁ፣ ከዚያ እርሱ። ግድግዳዎቹ ሸሹ፣ በሩ ተከፈተ፣ ነጋሪቱ ሳይመታ ጮኸ። ደመናው ከተራራው ወደ አርሞና ጎረፈ። አባ መብረቅ እንደ ልጅ ከት ብሎ ሣቀ።

ምስሉም ከአንዳርጌ ጎን ጠፋ። ቀና ብሎ እውነተኛዋን አያት።

«ስመኝ! ስመኝዬ!»

ጠዋት ቢሆን ለዚህች ጥሪ ነፍሷን ትሰጥ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት።

«በሕይወት በመኖርህ ደስ ብሎኛል፣ አንዳርጌ» አለችው።  በሩን የከፈተው ቃል እውነት ነበር፤ እውነት ስለነበረም ለአንዳርጌ የነበራት ናፍቆት ከደጅ ሲወጡ የሚመለስ አልሆነም። ይህን ያወቀችው የእርሱ ዓይን እንባ ሲሞላ ነው፤ ያን ጊዜ ለእርሱ አለቀሰች።

በንጉሡ የድል ግብር ላይ ስመኝ ትንሽ ቀምሳ በቃኝ አለች። ንጉሡ ራሱ በሞቴ ሊላት አልደፈረም። አንዳርጌ ከማዶ ተቀምጦ ያያታል። ዝናቡ ዘንቦ፣ እህሉ በቅሎ፣ ገበታው ሞልቶ ሳለ፣ እርሱ እስከ ዛሬ በቃኝ አላለም።